ያ ራስ ምታት ታይፎይድ አልነበረም

(ይህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ አንድ እሁድ ጠዋት በእድር ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካክቼዋለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ሊቀመንበራችን «ሃያ ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ለማንኛውም ፀሐዩ ሳይከር ለመጨረስ እሞክራለሁ። ዳር ያላችሁ ወደ ድንኳኑ ውስጥ ገባ በሉ። አቦ፣ የድሬ ፀሐይ እንግዳና ባለቤት አይለይም።

ሥራዬ ላብራቶሪ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። ሰው ሲታመም እኔ ጋ የሚደርሰው ፊቱ ሳይሆን አክታው፣ ደሙ፣ ሽንቱ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሬያለሁ። መንገድ ላይ ሰላም ብላችሁኝ ካላወቅኳችሁ አትቀየሙኝ፤ ብልቃጣችሁን ባይ አስታውሳችሁ ይሆናል።

ከአንድ የባጃጅ ሾፌር ልጀምር። ስሙን አልነግራችሁም፤ አንዳንድ ነገሩንም ሆን ብዬ ቀይሬዋለሁ።

ሰላሳ ዓመት አልሞላውም። ራሱን ያመው ጀመር። መጀመሪያ «ፀሐዩ ነው» አለ። ቀጥሎ «ጫቱ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው» አለ። ፓናዶል ዋጠ። አልለቀቀውም። እናቱ «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው አጠጡት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ክሊኒክ ሄደ፣ ደም ሰጠ፣ ወረቀት ይዞ ወጣ። ወረቀቱ ምን ይላል? «ታይፎይድና ታይፈስ»። ይህ ወረቀት ቤቱ ገብቶ የማያውቅ ሰው እስቲ እጁን ያውጣ። (ሳቅ) አያችሁ፣ ማንም የለም።

ስለዚህ ወረቀት ትንሽ ልበል፣ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ያንገበግበኛል። ምርመራው ዊዳል ይባላል። የሚያየው ጀርሙን አይደለም። ሰውነት ለጀርሙ የሠራውን መከላከያ ነው የሚያየው። ያ መከላከያ ካለፈ ዓመት በሽታ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ከክትባት ሊሆን ይችላል። ዘመድ ከሆነ ሌላ ጀርም ሊሆንም ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «አለ» ስላለ ታይፎይድ አለ ማለት አይቻልም። እኛ አገር ግን ራስ ምታትና ትኩሳት ከተገናኙ ታይፎይድ ነው፤ አለቀ። ልጁም ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ብርሃን ማየት አቃተው። ቀጥሎ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየው ጀመር። ባጃጅ እየነዱ ከፊት ያለውን መኪና ሁለት አድርጎ ማየት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ትውከት መጣ። ዘመዶቹ ደግፈው አመጡት።

ሐኪሙ ከጀርባው ፈሳሽ ቀዳ። ወደ እኔ የመጣችው ትንሽ ብልቃጥ ናት። ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው፣ የምንጭ ውሃ ይመስላል። በባክቴሪያ የሚመጣው ማጅራት ገትር አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሹን ያደፈርሰዋል። ይህኛው ግን ልምድ የሌለውን ሰው «ምንም የለውም» ያሰኛል።

አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አደረግኩ። ከጎኑ አንድ ጠብታ ጥቁር ቀለም፣ ኢንዲያ ኢንክ የምንለውን። ቀላቀልኩት፣ በስስ መስታወት ከደንኩት፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። መጀመሪያ የሚታየው ጨለማ ነው። ሌንሱን ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ ጨለማው ውስጥ ክብ ክብ ብርሃን ብቅ ይላል። መሀል ላይ ትንሽ ድቡልቡል ነገር፣ ዙሪያዋን ሰፊ ነጭ ቀለበት። ጨረቃ ስትከበብ አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ። አንዳንዷ ጎኗ ላይ ትንሽ ልጅ አቆጥቁጣለች፤ እንደ እርሾ ነው የምትራባው። ነጩ ቀለበት ካፖርቷ ነው። ቀለሙ ዘልቆ አይገባበትም። የሰውነታችን ወታደሮችም ሊውጧት ሲመጡ በዚያ ካፖርት ይቸገራሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲያዩት ያምራል። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ «እንዴት ያምራል!» ብዬ አውቃለሁ። ወዲያው ደግሞ ትዝ ይለኛል፤ ይህ ያለው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ስሙ ክሪፕቶኮከስ ነው። ፈንገስ ነው፤ የሻጋታና የእርሾ ዘመድ። መኖሪያው አፈር፣ የዛፍ ግንድ፣ በተለይ ደግሞ የርግብ ኩስ። ሲደርቅ ከአቧራ ጋር ይነሳል፣ እንስበዋለን። እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን ስበነው ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ሳንባው ውስጥ ይዘጋበታል። ሰው በሰው ላይ አያስተላልፈውም። ስለዚህ የታመመን ሰው ትታችሁ እንዳትሸሹ።

ታዲያ ያን ልጅ ለምን ያዘው? ደሙ ተመረመረ። ኤችአይቪ አለበት። ቀድሞም ያውቀው ነበር። መድኃኒት ጀምሮ፣ ክብደቱ ሲመለስ፣ ፊቱ ሲያበራ «ድኛለሁ» ብሎ አቁሟል። ሲዲፎሩ ከመቶ በታች ወርዷል።

ሲዲፎር ምንድን ነው? የነጭ ደም ሕዋስ ነው፤ የሰውነትን ጦር የሚያዝ መኮንን በሉት። ጤነኛ ሰው ከጤፍ ቅንጣት ብዙም በማትበልጥ የደም ጠብታ ውስጥ ከ500 እስከ 1500 ያህል አለው። ከ200 ሲወርድ በሽታው ገፍቷል ይባላል። ከ100 ሲወርድ ክሪፕቶኮከስ ከተደበቀበት ሳንባ ወጥቶ ወደ ጭንቅላት ሊሄድ ይችላል።

በጤና ጣቢያ ቋንቋ እንዲህ ያሉትን «ተጓዳኝ በሽታዎች» ይሏቸዋል። ስሙ አይጥመኝም። ተጓዳኝ አብሮ የሚሄድ ነው። እነዚህ አብረው የሚሄዱ ሳይሆኑ አድብተው የሚጠብቁ ናቸው። ወንዛችንን ደቻቱን አስቡት። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ያልፋል። በ1998 ክረምት፣ በዚያች ሌሊት፣ ጎርፉ ምን እንዳደረገን ግን እናውቃለን። ጀርሙ ሁልጊዜም እዚያው ነው። ጥያቄው ግንቡ ቆሟል ወይስ ፈርሷል ነው።

የኔ ነገር እዚህ ላይ ነው። ፈንገስ ያለ ቦታው ሲወጣ፣ ወይም ደጋግሞ ሲወጣ፣ ፈንገሱን ብቻ አትከሱ። ግንቡን ማን አፈረሰው ብላችሁ ጠይቁ።

ዓለም ኤችአይቪን ያወቀው በዚህ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አትላንታ ውስጥ ሳንድራ ፎርድ የምትባል ሴት ነበረች። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ውስጥ እምብዛም የማይፈለጉ መድኃኒቶችን ለሐኪሞች የምታድል ሠራተኛ ናት። ከነዚህ አንዱ ፔንታሚዲን ነው። ኒሞሲስቲስ ለሚባል የሳንባ ምች ይሰጣል። ይህ ምች የሚይዘው የካንሰር ሕክምና ላይ ያለን ወይም ሌላ የታወቀ ምክንያት ያለውን ሰው ነበር። ያኔ ግን ሐኪሞች ምክንያቱ ለማይታወቅ ወጣት ወንዶች ደጋግመው ይጠይቋት ጀመር። ገረማት። ለአለቃዋ ጻፈችለት። በዚያው ዓመት ጁን 5 ቀን ማዕከሉ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስለታመሙ አምስት ወጣቶች አጭር ሪፖርት አወጣ። ሁለቱ ያኔ ሞተዋል። ኤችአይቪ የሚባል ቃል ገና አልተፈጠረም። አንዲት መድኃኒት የምታድል ሴት «ይህ ለምን በዛ?» አለች፣ ነገሩ ወጣ። የኛ መድኃኒት ቤቶችም እንዲህ ቢጠይቁ እላለሁ አንዳንዴ። አንድ ሰው በወር አራት ጊዜ የራስ ምታት ኪኒን ሲገዛ።

ያ ኒሞሲስቲስም ፈንገስ ነው። ለብዙ ዓመት እንደ አሜባ ያለ ሌላ ፍጡር ነው ተብሎ ሲቆጠር ኖሮ፣ ፈንገስ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ምልክቱ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ነው። ቁጭ ሲል ደህና የሆነ ሰው ሲንቀሳቀስ ያልቅበታል። ትናንት ሸቀጥ ተሸክሞ ቀፊራ ገበያን የሚዞር ሰው ዛሬ ከአልጋው ሽንት ቤት ለመድረስ የደንገጎን ተራራ በእግሩ የወጣ ያህል ያለከልካል። መከላከያው ደግሞ ርካሽ ነው፤ በቀን አንድ ኮትሪሞክሳዞል። ባክትሪም የምትሉት። ሲዲፎሩ የወረደ ሰው ይህን ሲታዘዝለት «ለምኔ፣ ጉንፋን የለብኝ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። ያቺ ኪኒን ሳንባውን ትጠብቃለች፤ ቶክሶፕላዝማ ከሚባል የጭንቅላት በሽታም ትጠብቃለች። ቶክሶፕላዝማ ከድመት ዓይነ ምድርና በደንብ ካልበሰለ ሥጋ ይመጣል። ቁርጥ ወዳጆች፣ ዛሬ አልነካችሁም። ሲዲፎራችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ሥጋውን አብስሉት፤ በቃ።

አሁን ወደ አፍ ልምጣ። ነጭ ነገር ምላስና ላንቃ ላይ፣ የረጋ ወተት የመሰለ፣ ሲፋቅ የሚነሳ፣ ከሥሩ ቀይ የሆነ። ካንዲዳ ይባላል። ይህ ፈንገስ ከሁላችንም ጋር ይኖራል፣ አፋችንም አንጀታችንም ውስጥ። ሕፃን ላይ ሲወጣ ብዙ አትደንግጡ። የአስም መንፊያ የሚጠቀም ሰው አፉን ሳይጉመጠመጥ ሲቀርም ይወጣል። አሞክሳሲሊን በየሳምንቱ የሚውጥ ሰው ላይም ይወጣል፤ ምክንያቱም አንቲባዮቲክ ባክቴሪያዎቹን ይገድልና ሜዳውን ለፈንገሱ ይለቅለታል። ፈንገስን አይነካውም። ይህን ለምታውቁት ሰው ሁሉ ንገሩልኝ፤ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ ፈንገስ አይገድልም። ነገር ግን አንድ ጎልማሳ ምንም ምክንያት ሳይኖረው አፉ በነጭ ሲሸፈን፣ በተለይ ምግብ ሲውጥ ደረቱ ውስጥ የሚያመው ከሆነ፣ የፈንገስ ጀል ቀብቶ ዝም ማለት የለበትም። ይመርመር። ኤችአይቪም፣ ስኳርም።

የስኳሩን ነገር በራሴ ቤት ነው ያየሁት። አክስቴ ብሽሽቷንና ጡቷ ሥር እያሳከካት ተቸገረች። «የድሬ ሙቀት ነው» አልናት። እኔ ራሴ ነኝ ያልኳት፣ የላብራቶሪ ሰው ተብዬ። ክሬም ገዛሁላት፣ ሻረ። ተመለሰ። ገዛሁላት፣ ተመለሰ። አንድ ዓመት ሙሉ። አንድ ቀን ሽንት ቤት ስትመላለስ ሳይ ጣቷን ወግቼ ስኳሯን ለካሁ። አራት መቶ ሃያ። ፈንገሱ ዓመቱን ሙሉ ሲነግረኝ ነበር፣ አልሰማሁትም።

ስኳር የፈንገስ ሲሳይ ነው። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በኮቪድ ጊዜ፣ «ጥቁር ፈንገስ» የተባለውን ትዝ ይላችኋል? በአስር ሺዎች ነው የያዘው። ፈንገሱ ራሱ ጥቁር አይደለም። ጥቁር የሚሆነው የሞተው ሥጋ ነው። አፍንጫ ውስጥ ይገባና ወደ ዓይን፣ ወደ አንጎል ይዘልቃል። ከታመሙት ብዙዎቹ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነበረባቸው፤ ያልተቆጣጠሩት ስኳርና ያለ ልክ የተሰጠ ስቴሮይድ።

ስቴሮይድ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ የዛሬው ትልቁ ጉዳዬ ይህ ሊሆን ይችላል።

ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ትልልቅ መድኃኒቶች ናቸው። አስም የያዘውን ያድናሉ። ሰውነቱ ራሱን የሚያጠቃበትን ሰው ያድናሉ። የሚሠሩት ግን የሰውነትን ጦር «እረፍ» በማለት ነው። ለሳምንታት «እረፍ» ከተባለ ዘበኛው ይተኛል። ሰዉ ግን ለመወፈር ይውጣቸዋል! ሠርግ ደርሶ ጉንጭ እንዲሞላ። ጉንጩ ይሞላል፣ አዎ። ግንቡ ደግሞ ይፈርሳል። ስትሮንጂሎይድስ የምትባል ትል አለች፤ በባዶ እግር ከአፈር ትገባና አንጀት ውስጥ ለአስርት ዓመታት ሳትታወቅ መኖር ትችላለች። ስቴሮይድ ሲመጣ ተፈልፍላ መላ ሰውነትን ትወራለች። ሰው ይገድላል። ለመወፈር ብሎ!

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የምትወስዱ ሰዎች ዛሬ ቤት ገብታችሁ እንዳትጥሉት። በአንድ ጊዜ ማቋረጡም ራሱ አደገኛ ነው። ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል።

ከዚያ ደግሞ ክሬሙ አለ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ሂዱ። በኪሎ ሊሸጥ ምንም አልቀረው። ፊት የሚያቀላ፣ ማድያት የሚያጠፋ፣ «ቅልቅል»። ብዙዎቹ ውስጥ ክሎቤታዞል ወይም ቤታሜታዞን አለ፣ ሁለቱም ጠንካራ ስቴሮይድ ናቸው። አንዲት ልጅ ጉንጯ ላይ ጭርት ወጣባት እንበል። ጭርት ፈንገስ ነው፤ ክብ ሆኖ ጠርዙ ቀላ ብሎ ይታወቃል። ክሬሙን ትቀባዋለች። ማሳከኩ በሁለት ቀን ይጠፋል፣ ቅላቱ ይጠፋል። «እንዴት ያለ መድኃኒት ነው!» ለጎረቤት ትነግራለች። የጠፋው ግን የቆዳዋ ጩኸት ነው። ፈንገሱ ከሥር በሰላም ይሰፋል። በወሩ ግንባሯም አንገቷም ላይ ነው፣ መልኩ ተለውጦ፣ ሐኪም እንኳ ቶሎ እስከማይለየው ድረስ። እኛ ጋ ስትመጣ ቆዳዋን በምላጭ ፋቅ አድርገን ኬሚካል ጠብ እናደርግበታለን፣ ስናየው እንደ ሐረግ የተዘረጋ የፈንገስ ክር ነው። ክሬሙን አቁሚ ስትሏት ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ይብስባታል፤ ስለዚህ ተመልሳ ትቀባለች። አዙሪት ነው።

ቲቢን በአጭሩ። ከሁሉም በላይ ኤችአይቪ ያለበትን ሰው በዓለም ላይ የሚገድለው ቲቢ ነው። ሳል፣ ትኩሳት፣ መክሳት፣ ሌሊት ማላብ። እዚህ ላይ የድሬ ሰው ይስቅብኛል፤ ሌሊት የማያልበው ማን አለና! ልክ ናችሁ። እኔ የምጠይቀው ታኅሣሥ ላይ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ አንሶላው ይረጥባል ወይ ብዬ ነው። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሳሉ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው አይጠብቅ። አክታ ማውጣት ያቃተው በጣም የደከመ ታማሚም ዛሬ በሽንት የሚሠራ የቲቢ ምርመራ አለው። ሌላ አንድ ነገር፤ ድሮ ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ ክፍተት ሊቀር ይችላል። እዚያ ክፍተት ውስጥ አስፐርጂለስ የሚባል ሻጋታ ይበቅላል፣ ደም ያስተፋዋል። «ቲቢው ተመለሰ» ተብሎ በከንቱ የቲቢ መድኃኒት ይጀምራል። አክታው ደጋግሞ «የለም» እያለ መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ካወቃችሁ ይህን ጠይቁለት።

አልማዝ ባለጭራም በወጣት ላይ ሲወጣ እንደዚያው ነው፤ ቅባቱን ከመፈለግ ጎን ለጎን ደም መመርመር።

ወደ ባጃጅ ሾፌሩ ልመለስ፣ እንዳልረሳው ትጠብቃላችሁ መሰለኝ።

ፈሳሹ ሊቀዳ ሲል ዘመዶቹ እምቢ ብለው ነበር። «ከጀርባ ውሃ ከተቀዳ ሽባ ይሆናል» ይባላል አይደል? ይህን ወሬ ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ዋናው የነርቭ ገመድ የወገብ ላይኛው ክፍል ላይ ያበቃል። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። ይልቅ በዚህ በሽታ ሰው የሚታወረውና የሚሞተው ፈሳሹ ጭንቅላት ውስጥ ተጠራቅሞ ግፊቱ ሲጨምር ነው። መቅዳቱ ምርመራም ሕክምናም ነው። ያ ልጅ ሦስት ሳምንት ያልለቀቀው ራስ ምታት ከተቀዳ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ቀለል አለው። እናቱ «ምን አደረጋችሁት?» ብለው መጡ። በተከታታይ ቀናት ደጋግሞ ተቀድቷል።

መድኃኒቱስ? ድሮ፣ እኔ ሥራ ስጀምር፣ እጃችን ላይ የነበረው ፍሉኮናዞል ብቻ ነበር። ደካማ ነው፣ ብዙ ሰው ሞቶብናል። ጠንካራው አምፎተሪሲን ነው። ድሮ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ በደም ሥር ይሰጥ ነበር፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ያንቀጠቅጣል። ፈንገስ በአፈጣጠሩ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ስለሚቀርብ እሱን የሚመታው እኛንም ይመታል፤ ለዚህ ነው የፈንገስ መድኃኒት ጥቂት የሆነው። ከዚያ ቦትስዋና፣ ማላዊ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኡጋንዳና ዚምባብዌ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥናት ተደረገ። በስብ የተጠቀለለውን አምፎተሪሲን አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ባለ መጠን ሰጥተው፣ ሁለት ሳምንት በሚዋጡ ሁለት መድኃኒቶች ቢደግፉት ይሠራል ወይ ብለው። ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ መመሪያ አደረገው። አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት የዓለምን ሕክምና ቀየረ። ይህን ሳወራ ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ፣ እኔ ምንም ባላደርግበትም።

አምፎተሪሲን የተገኘው ቬንዙዌላ ውስጥ ከኦሪኖኮ ወንዝ ዳር ከተዘገነ አፈር ነው። ለአፍ ፈንገስ የምንሰጠው ኒስታቲንም አሜሪካ ውስጥ ኤልሳቤጥ ሄዘንና ራሼል ብራውን የተባሉ ሁለት ሴቶች ከአንድ የከብት እርባታ ግቢ አፈር ያገኙት ነው። አፈር በሽታውንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ይዟል። ይገርመኛል።

አሁን ደግሞ ራስ ምታቱ ሳይጀምር ማወቅ ይቻላል። ክራግ የሚባል ምርመራ አለ። እንደ እርግዝና መመርመሪያዋ ዓይነት ትንሽ ወረቀት ናት፤ የደም ጠብታ ላይ ትነከራለች፣ በአስር ደቂቃ መስመር ታወጣለች። ፈንገሱ ደም ውስጥ መግባቱን ጭንቅላት ሳይደርስ ትናገራለች። ያኔ በሚዋጥ ኪኒን መመለስ ይቻላል። ሲዲፎሩ ከ100 በታች የሆነ ሰው ሁሉ ሊጠይቃት ይገባል። «ክራግ ተሠርቶልኛል?» በሉ። ሦስት ፊደል ናት።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። እንዲህ የታመመ ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱን ወዲያው አይጀምርም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ለምን? የተኛው ጦር በአንድ ጊዜ ቢነቃ፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ፈንገስ ሲያይ በቁጣ ይነሳል፣ እብጠቱ ሰውየውን ይገድለዋል። በሌሎቹም በሽታዎች መድኃኒት ሲጀመር ለጥቂት ሳምንት ሊብስ ይችላል። ሰዉ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። የባሰው ሰውነቱ ስለነቃ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን አታቁሙ፣ ወደ ሐኪም ተመለሱ። ጸበል የምትሄዱም፣ ዱዓ የምታስደርጉም ሂዱ፤ ኪኒኗን ይዛችሁ ሂዱ።

ልጁ ተርፏል። አንድ ዓይኑ እንደ ድሮው አያይም፣ ባጃጅ መንዳት ትቷል። አሁን ሱቅ ይጠብቃል። በሦስት ወር አንዴ መድኃኒቱን ሊወስድ ሲመጣ በላብራቶሪው መስኮት ብቅ ብሎ «ዋርያ፣ ቀለሙ አለ?» ይለኛል። ያን ጥቁር ቀለም ማለቱ ነው።

(ከዚህ በኋላ ጥያቄዎች ተነሱ። ሦስቱን አስቀምጫለሁ።)

አንድ ሐጂ ስለ ረመዳን ጠየቁ። ሐጂ፣ አሁን ብዙ ሰው የሚወስደው የኤችአይቪ መድኃኒት በቀን አንዴ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ሊወሰድ ይችላል። ሰዓቱን መቀየር ካስፈለገ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ያመመው ሰው ግን ይጹም ብዬ አልነግርዎትም፣ ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አንዲት እናት ደግሞ የሻገተ ዳቦን ሻጋታውን ቆርጣ ለልጆቿ መስጠት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። እማማ፣ ይጣሉት። ከላይ የሚያዩት አረንጓዴ አናቱ ነው፤ ክሩ ለስላሳው ዳቦ ውስጥ ገብቷል። የሻገተ ለውዝም እንደዚሁ፣ የባቢሌ ቢሆንም። እሱ እንኳ ሌላ ጣጣ አለው፤ ሻጋታው የሚተፋው መርዝ ጉበት ይጎዳል።

የመጨረሻው ጠያቂ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። ከኋላ ቆሞ ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ርግብ ያረባል።

«ርግቦቼን ልሽጣቸው?»

አትሽጣቸው የኔ ልጅ። ቤቱን ስትጠርግ መጀመሪያ ውሃ ርጭ አድርግበት፣ ደረቁን አታቦንነው። አፍና አፍንጫህን በጨርቅ ሸፍን። እጅህን በሳሙና ታጠብ። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው፣ ወይም ብዙ ኪኒን የሚወስድ ሰው አለ?

«አጎቴ። ኩላሊቱ ተቀይሮለታል።»

እንግዲህ አጎትህ ጣሪያው ላይ አይውጣ። እሱ ሳይኖር አንተ ጥረግ። ስንት ናቸው?

«አሥራ አራት። አንዷ ግን ታቅፋለች።»